ዓባይ ባዶ እጁን የሚደርስበት ባሕር

እስክንድርያን ያወቅኋት ከአዲስ አበባ በፊት ነው። ከጮቄ ተራራ ግርጌ በምትገኘው መንደራችን፣ አያቴ እሁድ ጠዋት እጄን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ይወስዱኝ ነበር። ካህኑ ስንክሳር ሲያነቡ ደጋግሞ ጆሮዬ የሚገባው የአገር ስም እስክንድርያ ነው። የማርቆስ መንበር፤ ፓትርያርኩ አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ሾሞ፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንላቸውን አባት ወደ አክሱም የላከባት ከተማ። ከዚያ ወዲህ ለ1,600 ዓመታት ገደማ አቡኖቻችን ይኸው መንበር እየሾመ የሚልካቸው ግብፃውያን ነበሩ። ለእኔ ለሕፃኑ እስክንድርያ በምድር ትሁን በሰማይ ያልለየኋት ከተማ ነበረች። ባሕር ዳር መሆኗን እንኳ አላውቅም፤ ባሕር የሚባለውንም ያየሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

አያቴ ሌላም ነገር አስተምረውኛል፤ አፈር ማየት። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲያባራ ከማሳቸው ጥግ ይቆሙና ጨሞጋን ቁልቁል ይመለከታሉ። ወንዙ ደፍርሶና ቀልቶ፣ ቁጥቋጦውን እየገነደሰ ይወርዳል። «የሚሄደው ውኃ እንዳይመስልህ» ይሉኝ ነበር፤ «ማሳዬ ነው የሚሄደው።» የት እንደሚሄድ ስጠይቃቸው «ጨሞጋ ለዓባይ ይሰጠዋል፤ ዓባይ ደግሞ ለምስር» ይሉኛል፤ ግብፅን ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን እሳቸውም አያውቁትም ነበር።

አርባ ዓመት ቆይቶ እነዚህ ሁለት የልጅነት ነገሮች፣ ከተማዋና አፈሩ፣ በአንድ ጉዞ ተገናኙብኝ። እስክንድርያን ባሕር እያሰጋት መሆኑን ካነበብኩ ቆይቼ ነበር። ስሟን በስንክሳር የሰማኋትን ከተማ በዓይኔ ልያት፣ የአያቴ ማሳም የት እንደደረሰ ልከተል ብዬ ተነሣሁ።

ከካይሮው የራምሴስ ጣቢያ የተሳፈርኩት ጥር 8 ቀን ጠዋት ነው። ባቡሩ በንሃን፣ ጣንጣን፣ ደመንሁርን እያለፈ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲገሠግሥ በመስኮቱ የማየው ሁሉ ለጥ ያለ አረንጓዴ ነበር። ስንዴ፣ ባቄላ፣ በርሲም የሚሉት የከብት መኖ፣ በየቦዩ ዳር የተምር ዛፍ። አንድ ኮረብታ የለም። ለደጋ ሰው ዓይን ማረፊያ የሌለው አገር ነው። ቦዮቹ ሲጠረጉ ዳር ላይ የተከመረው አፈር ግን ጥቁር ነው፤ ደረቁ ይሰነጣጠቃል፣ እርጥቡ የገበሬውን እግር ይዞ አይለቅም። ይህን አፈር አውቀዋለሁ። እኛ መረሬ የምንለው ነው።

ያ ሜዳ የተሠራው በሺዎች ዓመታት ውስጥ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ዓባይና ተከዜ ጠርገው ባወረዱት ደለል ነው። ነጭ ዓባይ ከትልልቅ ሐይቆችና ከደቡብ ሱዳን ረግረግ የሚወጣ በመሆኑ አፈሩን እዚያው አራግፎ ይመጣል። ወደ ግብፅ ይወርድ ከነበረው ደለል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከኢትዮጵያ ደጋ የተነሣ ነበር። ስለዚህ ከካይሮ እስከ እስክንድርያ ድረስ በአገሬ አፈር ላይ ተጓዝኩ ብል አላጋነንኩም።

እስክንድርያ ስደርስ ሰማዩ ዳምኖ፣ ነፋሱ ጨው ጨው ይሸት ነበር። ያረፍኩበት ሕንፃ ዘበኛ አንድ አረጋዊ ናቸው። በአገሩ ወግ «ያ ሐግ» እያልኩ፣ በወጣትነቴ ጅዳ ስሠራ በለመድኩት ዓረብኛ ሰላም አልኳቸው። ሻንጣዬን እንኳ ሳላሳርፍ «ልጄ፣ ኑዋ እየመጣ ነውና በባሕሩ በኩል ያለውን መስኮት እንዳትከፍት» አሉኝ።

ኑዋ እስክንድርያውያን የክረምት ማዕበላቸውን የሚጠሩበት ስም ነው። እኛ ለየወሩ ዝናብና ነፋስ ስም እንዳለን ሁሉ፣ እነሱም ለእያንዳንዱ ኑዋ ስምና ቀጠሮ ሰጥተውታል። በኅዳር መጀመሪያ ሳምንት መክነሳ ይመጣል፤ መጥረጊያ ማለት ነው። በኅዳር መጨረሻ ቃሲም ይከተላል። በጥር መግቢያ ትልቁ ፈይዳ ይነሣል፤ ቀጥሎ ደግሞ ጊጣስ። ጊጣስ ሲሉ ደነገጥኩ፤ ጥምቀት ማለት ነውና። የኮፕቶች ጥምቀት እንደ እኛው በጥር 11 ይውላል፤ በዚያው ሰሞን የሚነሣውን ማዕበል ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በበዓሉ ስም ይጠራዋል። ዓሣ አጥማጁ መረቡን፣ እናት የልጆቿን ካፖርት፣ ጀልባ ሠሪው ሥራውን የሚያሰናዱት በዚህ የኑዋ አቆጣጠር ነው።

«ድሮ ኑዋ እንደ ዘመድ ነበር» አሉኝ ሐጉ። «በቀጠሮው ይመጣል፣ ሦስት ቀን ይሰነብታል፣ ይሄዳል። ዛሬ ቀን አያከብርም። ሲመጣም ከደጅ አይመለስም።»

ሌሊቱን ያሉት ሆነ። ከአራተኛ ፎቅ መስኮት ሆኜ ኮርኒሹን አየሁት። ኮርኒሽ በባሕሩ ጠርዝ ኪሎ ሜትሮችን የሚያቋርጠው፣ ከተማዋ የምትኮራበት ጎዳና ነው። ማዕበሉ የድንጋይ ግንቡን ይመታና ወደ ላይ ይሰነጠቃል፤ ነጩ አረፋ የመንገዱን መብራት አልፎ አስፋልቱ ላይ ይፈርጣል። መኪኖች በጨው ውኃ መካከል እየቀዘፉ ያልፋሉ። ጠዋት ስወጣ ጎዳናው ላይ አሸዋ፣ የባሕር ሣርና የተፈነቀለ ንጣፍ ድንጋይ ተበትኖ አገኘሁ። የጽዳት ሠራተኞች አሸዋውን በአካፋ እየዛቁ ወደመጣበት ይመልሱታል።

ከተማዋን ለመረዳት በካርታ ማየት ያስፈልጋል። ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 ሲቆረቁራት የመረጠላት ቦታ ቀጭን የኖራ ድንጋይ ጀርባ ነው። ፊቷ ሜዲትራኒያን፣ ጀርባዋ የመርዩጥ ሐይቅ ነው። መርዩጥ ከባሕሩ ወለል 3 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ወደ ሐይቁ የሚገባው የእርሻና የከተማ ፍሳሽ በራሱ ወደ ባሕሩ ሊሄድ አይችልም፤ መክስ በሚባለው ሠፈር ያለ የፓምፕ ጣቢያ ቀን ከሌት ወደ ላይ እየሳበ ባሕር ውስጥ ይደፋዋል። ፓምፑ ቢቆም ከተማዋን የሚያጠቃት ውኃ ከኋላዋ ይነሣል።

ይህን የጦር ሰዎች ቀድመው አውቀውታል። እ.ኤ.አ. በ1801 የእንግሊዝ ሠራዊት እስክንድርያ ውስጥ የነበሩትን ፈረንሳዮች ለመክበብ ሲል በስተምሥራቅ ያለውን ግድብ ቆርጦ የባሕሩን ውኃ ወደደረቀው የመርዩጥ ረባዳ ለቀቀው። መንደርና ማሳ ሰጠመ፤ ያ መሬት ጨውን ከውስጡ ለማውጣት ትውልድ ፈጀበት። ባሕር ከዚህች ከተማ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ለማሳየት አንድ የአካፋ ቁራጭ በቂ ሆኖ ነበር።

በእኛ ዘመን ደግሞ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2015 ከሰማይ የወረደ ዝናብ ብቻውን ጎዳናዎቹን ወንዝ አደረጋቸው። መኪኖች ተንሳፈፉ፣ ሰዎች ሞቱ፣ የከተማዋ ገዥ ሥልጣን ለቀቁ። ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚኖርባት ከተማ ፍሳሿ የሚወጣው ወደ ባሕሩና ወደ ሐይቁ ነው። ባሕሩ ከፍ ባለ ቁጥር የመውጫው በር ይጠባል።

በማግስቱ ወደ ቃይትባይ ምሽግ ሄድኩ። ምሽጉን ሱልጣን ቃይትባይ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የገነባው፣ ከሰባቱ የጥንት ዓለም ድንቆች አንዱ የነበረው የፋሮስ መብራት ቤት በቆመበት ቦታ ላይ ነው። መብራት ቤቱ ከሺህ ዓመት በላይ መርከብ ሲመራ ኖሮ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰ። ድንጋዩ ከፊሉ በምሽጉ ግንብ ውስጥ ይታያል፤ ከፊሉ እዚያው ፊት ለፊት፣ ባሕር ውስጥ ተጋድሟል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጠላቂ አርኪዮሎጂስቶች ሐውልቶችን፣ ዓምዶችን፣ የፈርዖን ዘመን ጥርብ ድንጋዮችን ከውኃው ሥር አግኝተዋል። ከምሥራቁ ወደብ በታች የበጥሊሞሳውያን ነገሥታት ቤተ መንግሥት ሠፈር ተኝቷል። ከከተማዋ በስተምሥራቅ በአቡ ቂር ሰርጥ ደግሞ ቶኒስ ሄራክልዮን የሚባል ሙሉ የወደብ ከተማ ሰጥሞ ከሺህ ዓመት በላይ ተረስቶ ከኖረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2000 ተገኘ።

እስክንድርያ ባሕርን መፍራት የተማረችው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 365 በቀርጤስ አካባቢ የተነሣ የመሬት መንቀጥቀጥ ባሕሩን አስወጥቶ ከተማዋ ላይ አፈሰሰው። በዘመኑ የጻፉ ሰዎች መርከቦች በቤት ጣሪያ ላይ እንደቀሩ ይናገራሉ። ሕዝቡ ያንን ቀን ለብዙ ዘመን በየዓመቱ እያሰበ በጸሎት ይውል ነበር። አትናቴዎስ ያን ጊዜ በሕይወት ነበር። በስንክሳር ስሙን የሰማሁት አባት መንጋው በባሕር ሲወሰድ ያየ ሰው መሆኑን ያወቅሁት ቃይትባይ ላይ ቆሜ ነው።

ዛሬ ምሽጉን የከበበው ትልልቅ የኮንክሪት ብሎክ ነው። አንዱ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ማዕበሉ ብሎኮቹ መካከል እየገባ ይጮኻል። አንዲት አስተማሪ ሠላሳ የሚሆኑ ተማሪዎች ይዛ ስለ ፋሮስ ታስረዳለች፤ አንዱ ልጅ ግን ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቶ ብሎኮቹን ይቆጥራል።

የድሮው ባሕር በድንገት መጣ። የአሁኑ የሚመጣው በሚሊ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 የዓለም ባሕሮች ወለል በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ከዚህ ውስጥ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ፍጥነት በዓመት 3.7 ሚሊ ሜትር ደርሷል። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ውኃ ሲሞቅ ይሰፋል፣ በተራሮችና በዋልታዎች ያለው በረዶም ቀልጦ ይጨመርበታል። እስከ እ.ኤ.አ. 2100 ድረስ ጭማሪው፣ ሰው በሚያቃጥለው ነዳጅ ልክ፣ ከ28 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ሊሆን እንደሚችል የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል ይተነብያል። ይኸው ፓነል እ.ኤ.አ. በ2007 ከዓለም ደለላማ ዳርቻዎች እጅግ ለአደጋ የተጋለጡ ብሎ የለያቸው ሦስት ናቸው፤ የጋንጀስና ብራህማፑትራ፣ የሜኮንግ፣ እና የዓባይ።

ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል የሚል ሰው ይኖራል። ማዕበል የሚነሣው ከባሕሩ ወለል ላይ ነው፤ ወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ካለ፣ ትናንት ግንቡን ልሶ ይመለስ የነበረው ኑዋ ዛሬ ግንቡን ተሻግሮ ሱቅ ውስጥ ይገባል። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ዓይን የማያየው አካሄዱ ነው። ባሕሩ በአሸዋውና በኖራ ድንጋዩ ውስጥ ሰርጎ ወደ ሕንፃዎች መሠረት ይገባል። ጨው ብረቱን ያዝገዋል፣ ኮንክሪቱን ያፈረፍረዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የታተመ ጥናት በእስክንድርያ በዓመት አንድ ሕንፃ ይፈርስ የነበረው ባለፉት አሥር ዓመታት ወደ 40 ገደማ ማደጉን፣ በሁለት አሥርት ዓመታት 280 ሕንፃዎች መውደቃቸውን፣ ሌሎች 7,000 ደግሞ ሥጋት ላይ መሆናቸውን አስታውቋል። ከተማዋ በጎርፍ ትጠፋለች ብዬ ስጠብቅ፣ ምስጥ እንደበላው ምሰሶ ከሥሯ እየተበላች አገኘኋት።

ጥር 10 ቀን ማለዳ፣ ነፋሱ ጋብ ሲል፣ ወደ ረሺድ ተጓዝኩ። ረሺድ ከእስክንድርያ በስተምሥራቅ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የጥንቱን የግብፅ ጽሕፈት ለማንበብ ቁልፍ የሆነው ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1799 የተገኘው በዚያ ነው። እኔ የሄድኩት ለድንጋዩ አልነበረም። ረሺድ ከዓባይ ሁለት መጨረሻዎች አንዱ ነው። ከምንጩ ከሰከላ የፈለቀው ውኃ ወደ ባሕር የሚገባበት ቦታ።

በሚኒባስ ከከተማው አልፌ፣ ተምርና ጉዋቫ የተተከለባቸውን ማሳዎች አቋርጬ ጫፉ ላይ ደረስኩ። በመንገዴ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ገበሬዎቹ ማሳቸው ላይ አሸዋ በመኪና እያስመጡ ያፈሳሉ። ጨዋማው የከርሰ ምድር ውኃ ወደ ሥሩ እንዳይደርስ መሬቱን ከፍ ማድረጋቸው ነው። አፈር ይወርድላቸው የነበሩ ሰዎች ዛሬ አሸዋ ይገዛሉ።

ጫፉ ላይ ከወንዙ ግራና ቀኝ ግንብ አለ። እንደ መልሕቅ ቅርጽ ያላቸው የኮንክሪት ብሎኮች እስከ ዓይን ጥግ ተደርድረዋል። እዚያ መረቡን የሚጠግን አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ አገኘሁ። «ያ ዐም» ብዬ፣ አጎቴ እንደማለት፣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከየት እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ «ከሐበሻ፤ ከዓባይ ምንጭ አጠገብ» አልኳቸው። መረቡን ከጉልበታቸው አወረዱት።

«ልጅ ሳለሁ» አሉ፣ እጃቸውን ወደ ባሕሩ ዘርግተው፣ «መሬቱ እዚያ ድረስ ነበር። እዚያ ጋ እንጫወት ነበር።» የሚያሳዩኝ ቦታ ላይ ማዕበል ይገለበጣል። «ነሐሴና መስከረም ሲሆን ባሕሩ ይቀላ ነበር። ቀይ፤ እንደ ሸክላ። ሰርዲን ቀዩን ውኃ ተከትሎ ይመጣል፤ ሰው ሁሉ ከቤቱ ይወጣል። አንድ ዓመት ላይ ቀይ ውኃው ቀረ። እኛም ጠበቅን። በሚቀጥለውም ዓመት ጠበቅን።»

ያ ዓመት በታሪክ የታወቀ ነው። የአስዋን ትልቁ ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ውኃ መያዝ ጀመረ፤ ግንባታው በ1970 ተጠናቀቀ። ለግብፅ ብዙ በረከት ሰጥቷል፤ መብራት፣ ዓመቱን ሙሉ መስኖ፣ ከጎርፍና ከድርቅ መጠበቅ። በየዓመቱ ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ይወርድ የነበረው ደለል ግን ናስር ሐይቅ ውስጥ ቀረ። ከደለሉ ጋር ይወርድ የነበረው የዓሣ ምግብም አብሮ ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ 18 ሺህ ቶን የነበረው የሰርዲን ምርት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ጥቂት መቶ ቶን ወረደ። የረሺድ ጫፍ፣ ለሺህ ዓመታት በአፈር እየተመገበ ወደ ባሕር ሲገፋ የኖረው መሬት፣ ምግቡ ሲቋረጥ ባሕሩ ይበላው ጀመር። በአንዳንድ ዓመታት ከ100 ሜትር በላይ ወደ ኋላ ሸሽቷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መግቢያ ያ ግንብ የተሠራው ለዚህ ነው።

ደለላማ መሬት በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ይሰጥማል፤ ተፈጥሮው ነው። በየዓመቱ አዲስ አፈር ሲለብስ የሰጠመውን ያህል ይተካል። አፈሩ ሲቀር መስጠሙ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ በዓባይ አፍ ላይ ሁለት ነገሮች ይገናኛሉ፤ ባሕሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ መሬቱ ወደ ታች ይወርዳል። እስክንድርያ ራሷ ድንጋይ ላይ በመቀመጧ እንደ ምሥራቁ ዳርቻ አትሰጥም፤ ከጀርባዋና ከጎኗ ያለው፣ የሚያበላትና ከካይሮ የሚያገናኛት ሜዳ ግን ያው ደለል ነው።

ከሽማግሌው ተሰናብቼ ወደ ወንዙ ወረድኩ። የዓባይን ውኃ በእጄ ጨለፍኩ። ከዚህ ወደ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኢድፊና ላይ ያለው ግድብ ወንዙን ስለያዘው፣ እዚህ የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ ባሕሩም ወደ ውስጥ ይገባበታል። ውኃው ጠርቶ የእጄ መስመር ይታየኝ ነበር። ቀመስኩት፤ ጨው ነው። በልጅነቴ የማውቀው ዓባይ በሐምሌ የገዛ ጣትህን የማያሳይ ነበር። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል የሰማነው ወንዝ ማደሪያ አብዝቶ፣ ሲጨርስ ግን ባዶ እጁን ቆሞ አገኘሁት።

የአያቴ ማሳ ከዚህ አልደረሰም።

ወደ እስክንድርያ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። እኛና ግብፃውያን ስለ ዓባይ መቶ ዓመት ተከራክረናል። የተከራከርነው ስለ ውኃው ነው፤ ስንት ቢሊዮን ሜትር ኩብ፣ ለማን፣ መቼ። ስለ አፈሩ የተነጋገርነው ጥቂት ነው። አፈሩ ግን ከውኃው የበለጠ አንድ አድርጎን ኖሯል። ውኃው ይጠጣል፣ ይተናል፣ ያልፋል። አፈሩ አገር ይሆናል። የግብፅ ገበሬ ልጁን ያሳደገው በእኛ ተራራ ላይ በጎደለው ነው።

እዚህ ላይ በሐቅ መናገር ያስፈልጋል። ደለሉ ከባሕሩ የተቆራረጠው ከ60 ዓመት በፊት በአስዋን ነው፤ የእኛ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ግንባታ ከመጀመሩ አስቀድሞ። በሌላ በኩል እኛም «ምን አገባን» ልንል አንችልም። ባሕሩን ያሞቀው ጭስ ከጎጃምም ሆነ ከረሺድ አልወጣም፤ አፍሪካ በሙሉ ከዓለም ጭስ የምታወጣው ከ4 በመቶ በታች ነው። ዋጋውን ግን ላይኛው አገር በድርቅና በጎርፍ፣ ታችኛው አገር በጨው እየከፈለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሻርም ኤል ሼክ ላይ በተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤ ለጉዳትና ለኪሳራ የሚውል ፈንድ እንዲቋቋም ሲወሰን፣ አዲስ አበባና ካይሮ በአንድ ወገን የቆሙ ድሆች ነበሩ። በዚያ ወገን መሆናቸውን ቢያስቡት ለሌላውም ንግግር መንገድ ይከፍት ነበር።

ግብፃውያን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከኮንክሪቱ ሌላ በዓባይ ደለላማ ዳርቻ 69 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅተኛ ቦታ ላይ ከአካባቢው በተገኘ ነገር መከላከያ የመሥራት ፕሮጀክት ጀምረዋል። ሸምበቆ በረድፍ ይተክላሉ፤ ነፋሱ የሚያመጣው አሸዋ ሸምበቆው ሥር ይጠራቀማል፣ ከጊዜ በኋላ ራሱን የቻለ ጉብታ ይሆናል። ይህን ስሰማ የእኛ ገበሬ እርከን ላይ ሣር የሚተክለውን አሰብኩ። አንዱ አፈር እንዳይሄድበት፣ ሌላው አሸዋ እንዲቆምለት። ሥራው አንድ ነው።

በዚያው ሌሊት ወደ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የጊጣስ ዋዜማ ነበር። ደጁ ላይ ሸንኮራ አገዳ ታቅፈው የሚገቡ ልጆች አሉ፤ ኮፕቶች ጥምቀትን በሸንኮራ አገዳና በጎደሬ ያከብሩታል። ካህናቱ ውኃውን ሲባርኩ ዜማው በቋንቋ ሌላ ቢሆንም አካሄዱ አልራቀብኝም። ሕዝቡ ተሰልፎ ግንባሩን በተባረከው ውኃ ያስነካል። ውጭ ማዕበሉ እንደገና ተነሥቶ ነበር፤ ዝናቡ የመስኮቶቹን መስታወት ይደበድበዋል። አጠገቤ የቆመች እናት እንግዳ መሆኔን አይታ ከሸንኮራዋ ቆርሳ ሰጠችኝ። ከየት እንደመጣሁ አልጠየቀችኝም። ወደ ማረፊያዬ ስመለስም ሐጉ፣ ሙስሊም ሆነው ሳለ፣ በሩን ከፍተው «ጊጣስ እንዳለው መጣ፤ ዘንድሮ ቀኑን አከበረ» አሉኝ፤ ፊታቸው ላይ እፎይታ ነበር።

ከዚያ ጉዞ በኋላ በሐምሌ ወደ መንደራችን ሄድኩ። አያቴ ካረፉ ቆይተዋል። ማሳቸው ጥግ፣ እሳቸው ይቆሙበት በነበረው ቦታ ቆምኩ። ከነበሩበት ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ነው የቆምኩት፤ የፊተኛው መሬት ቦረቦር ሆኗልና። ጨሞጋ እንደ ድሮው ቀልቶ ይወርዳል። ተመራማሪዎች ኢትዮጵያ በዓመት ከ1 ቢሊዮን ቶን በላይ አፈር በጎርፍ ታጣለች ብለው ይገምታሉ። ከአስዋን ግድብ በፊት ይህ መጥፋት ቢያንስ ለሌላው ማግኘት ነበር፤ በእኛ ተራራ የጎደለው በእነሱ ሜዳ ይሞላ ነበር። ዛሬ አፈሩ ከእኛ ይወጣል፣ ከእነሱ አይደርስም። በመካከል በየግድቡ ወለል ይተኛል፤ ግድቡንም ያስረጀዋል። ማንንም የማይጠቅም ኪሳራ ሆኗል።

የባሕሩን መውጣት ጎጃም ላይ ቆመን አናቆመውም። እሱ የብዙ እሳት፣ የብዙ ፋብሪካና የብዙ ሀብታም አገር ጉዳይ ነው፤ በየጉባኤው ሳንታክት ልንጠይቃቸው ይገባል። አፈራችንን ማስቆም ግን በእጃችን ነው። እርከን እንሥራ፤ የሠራነውንም በየዓመቱ እንጠግን፤ ዳገቱን በዛፍና በሣር እናልብሰው። ከግብፅ ጋር ስንቀመጥም ከሜትር ኩቡ ጎን አፈሩን ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጥ፤ ስለ ሁለቱ አገሮች ገበሬ የሚናገር ነገር እሱ ነውና።

አንባቢዬ፣ በመጪው ሐምሌ ድልድይ ላይ ስታልፍ ቁም፤ የወንዙን ቀለም ተመልከት። የሚሄደው ውኃ ብቻ አይደለም።